አራተኛ ተናጋሪ ነበርኩ

ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። መጀመሪያ ሸሚዜን አየሁ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ የበራውን ስላይድ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ወደ ጓደኞቼ ዞር ስል አምስተኛዋ ፊቷን በወረቀቷ ሸፍናለች፤ ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ያያል። እኔም ንግግሬን ቀጠልኩ። የቀጠልኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። ሌሊቱን የሸመደድኩት አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ስለነበር እሱን ካቋረጥኩ የምለው አልነበረኝም።

የሳቁት ከእኔ በፊት የተናገረው ልጅ የእኔን ክፍል አስቀድሞ ስለተናገረው ነው። ያው ታሪክ፣ ያው ምሳሌ፣ መግቢያው ሳይቀር ያው። 38 ተማሪ ሰምቶታል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የቆምኩት ደግሞ ከልጁ አንድ እርምጃ ርቄ ነው።

ይህን የምጽፈው የቡድን ፕረዘንቴሽን ለተሰጣችሁና ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው። ስለ ፕረዘንቴሽን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «አትፍራ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ተናገር፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» የሚል ነው። ክፉ ምክር አይደለም፤ ግን ብቻውን ለሚናገር ሰው ነው የሚሆነው። እኛ ፈርተን ነበር፤ የጣለን ግን ፍርሃቱ አልነበረም። የወደቅነው በአንዱ ንግግርና በሚቀጥለው ንግግር መሀል ነው። ማንም ያልተመደበበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የባዮሎጂ መምህራችን ክፍሉን አምስት አምስት አድርገው መደቡንና ለየቡድኑ ርዕስ ሰጡ። ለእኛ የደረሰን «ፈንጣጣ ከዓለም የጠፋው እንዴት ነው?» የሚል ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከ20 የሚያዝ። የጓደኞቼን ስም ስለማልጽፍ በተራ ቁጥራቸው ልጥራቸው፦ አንደኛዋ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እኔ፣ አምስተኛዋ።

ሥራውን ለመከፋፈል አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። አንደኛዋ በሽታው ምን እንደሆነ ትናገር፤ ሁለተኛው ክትባቱ እንዴት እንደተገኘ፤ ሦስተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ስለጀመረው የተጠናከረ ዘመቻ፤ እኔ ዘመቻው ስለተጠቀመበት ዘዴ፤ አምስተኛዋ ስለ መጨረሻው ታማሚ፤ ማጠቃለያውም የእሷ ይሁን። እንደ ውርስ መሬት ድንበር አበጅተን ተለያየን። ከዚያ ወዲያ አንዳችን የሌላችንን ድንበር አልረገጥንም። ያኔ ይህ መከባበር ይመስለኝ ነበር።

ደግመን የተገናኘነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ስላይዶቹን ለመገጣጠም። የአንዱ ፊደል ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ፤ የአንዱ ሰማያዊ፣ የሌላው ቢጫ። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አንዳችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጽፎበታል። (ይህ ተረት ያልተጻፈበት የቡድን ሥራ ኖሮ ያውቅ ይሆን?) ድሩስ ነበረን፤ የገመደው ሰው ነው የጠፋው። ልምምድ አላደረግንም። «ሁሉም የየራሱን በደንብ ያጥና» ተባብለን ሄድን።

ርዕሱ ግን ግሩም ርዕስ ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚቆጨኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 ኤድዋርድ ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላም ከምታልብ ሴት እጅ ላይ የላም ፈንጣጣ መግል ወስዶ በስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ላይ አስገባ፤ በኋላ ልጁን እውነተኛው ፈንጣጣ አልያዘውም። ከዚህ ጀምሮ የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው መጥፋቱን እስካወጀበት እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ድረስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ አንድ ታሪክ ነው። መድረሻው ላይ ደግሞ ዓሊ ማው ማሊን አለ። በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በተፈጥሮ በሚተላለፈው ፈንጣጣ የመጨረሻው ታማሚ ሆነ። ዳነ። ከዓመታት በኋላ ሰዎች ልጆቻቸውን ከፖሊዮ እንዲያስከትቡ ሲቀሰቅስ ኖረ፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ነው፣ በወባ። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ክፍሉን ማስተኛት ቀላል ሥራ አይደለም፤ እኛ ግን ተሳካልን።

ቀኑ ደረሰ። አንደኛዋ ጥሩ ጀመረች። ሁለተኛው ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እንደ ሩጫ አደረገው፤ ሦስት ደቂቃ የተሰጠውን በአንድ ደቂቃ ተኩል ጨረሰ። ሲጨርስ መምህራችን ሰዓታቸውን አዩ። እሱም አያቸው። «ገና ነህ» የተባለ መሰለውና ጊዜውን ለመሙላት ያነበበውን ሁሉ ማውጣት ጀመረ። ሁላችንም ያነበብነው ያንኑ መጽሐፍ ነበርና ያወጣው ታሪክ የእኔ ሆነ፦ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ክትባት ስላልበቃው ሐኪም፣ ስለ ዊሊያም ፌጊ። ፌጊ ሕዝቡን በሙሉ መከተብ እንደማይችል ሲያይ ታማሚው ያለበትን ቤት ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ብቻ ከተበ። በሽታው የሚዛመትበት ሰው አጣ። በኋላ የዘመቻው ዋና ዘዴ የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ይህን ሁሉ ሲናገር እኔ ምን እሠራ ነበር? ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገሬን እደጋግማለሁ። «እስቲ አስቡት፤ በሽታው በር ላይ ቆሟል፤ ክትባቱ ግን አይበቃችሁም።» አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይሰማኝም። ዝም ሲል ተራዬ መድረሱን አወቅኩ፤ ሌላ ያወቅኩት ነገር የለም። ወደ ፊት ወጥቼ «እስቲ አስቡት፤ በሽታው በር ላይ ቆሟል» አልኩ።

ለብዙ ጊዜ ይህን የራሴ ድንቁርና አድርጌ ቆጥሬው ነበር። በኋላ ሳነብ የተጠና ነገር እንደሆነ አወቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማልኮም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን ሰብስቦ በየተራ ቃል እንዲያነቡ አደረገ፤ ከዚያ የሰሙትን እንዲያስታውሱ ጠየቃቸው። ሰዎቹ ከሁሉ ያነሰ የሚያስታውሱት የራሳቸው ተራ ሊደርስ ሲል የተነበበውን ሆኖ ተገኘ። ጆሮ ክፍት ነው፤ ሐሳብ ግን ወደ ራስ ተራ ሄዷል። ይህን ሳነብ ቀለል አለኝ። በቡድን ፕረዘንቴሽን ላይ አስቡት እንግዲህ፦ አንድ ሰው ንግግሩን ከማን ጋር ማያያዝ አለበት? ከእሱ በፊት ከተናገረው ጋር። ከሁሉ ያነሰ የሚሰማው ማንን ነው? ያንኑ ሰው። ስለዚህ «በደንብ አዳምጡ» ብሎ መምከር ብቻውን አይረዳም። በዚያች ሰዓት ማዳመጥ ከባድ ነው። ጓደኛችሁ የሚለውን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ያን ጊዜ ግማሽ ጆሮ ይበቃችኋል።

ከእኔ ውርደት የባሰው ግን ገና ነበር። አምስተኛዋ ስትጨርስ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ከሰው በሽታዎች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ፈንጣጣ ብቻ ነው። እሱን ማጥፋት ተችሎ ሌሎቹን ያልተቻለው ለምንድን ነው?»

ዝምታ። አምስተኛዋ እኔን አየችኝ። እኔ ሦስተኛውን። እሱ አንደኛዋን። ሁላችንም ጥያቄው የሌላ ሰው ድርሻ ነው ብለን ነበር። መልሱ ግን በመካከላችን ተበታትኖ ነበር። አንደኛዋ በሽታው የሚይዘው ሰውን ብቻ እንደሆነና ሽፍታው በግልጽ እንደሚታይ ተናግራለች፤ ይህ ማለት እንስሳ ውስጥ ተደብቆ አይቆይም፣ ታማሚውም በቀላሉ ይለያል ማለት ነው። ሁለተኛው ክትባቱ ለረጅም ጊዜ እንደሚከላከል አንብቧል። ሦስተኛው ክትባቱ ደርቆ ስለሚዘጋጅ ሙቀት እንደሚችል ተናግሯል። እኔ ታማሚውን ከብቦ የመከተብን ነገር ሁለተኛ ጊዜ አሰምቻለሁ። አራቱን የሚያጋጥም ሰው ቢኖር የተሟላ መልስ ነበር። አራት ሰው አራት ቁራጭ ይዞ ቆሞ «አናውቅም» አለ።

መምህራችን አልተቆጡም። «አምስት ፕረዘንቴሽን ሰማሁ፤ ያዘዝኩት አንድ ነበር» አሉና ወደ ቀጣዩ ቡድን አለፉ። ከ20 አሥራ አንድ አገኘን።

ከክፍል ወጥተን ተጨቃጨቅን። በዋናነት ሦስተኛው ላይ ነበር የጮህኩት፤ «የእኔን ለምን ትነካለህ?» እያልኩ። አሁን ሳስበው ጥያቄው ራሱ በሽታችንን የሚናገር ነው። የእኔ የሚባል ነገር ከየት መጣ? እሱ ሲናገር ባዳምጥ ኖሮ እኮ «ጓደኛዬ ያነሳውን ሐሳብ ላስፋው» ብዬ ስለ መርፌው እጀምር ነበር። ጫፏ ሹካ መሳይ ሁለት ጥርስ ያላት መርፌ ነች፤ በእሷ ሲከተብ ቀድሞ ለአንድ ሰው ይውል የነበረው ክትባት ለአራት ሰው ያህል ይበቃል፤ አጠቃቀሟንም ማንም ሰው በአጭር ጊዜ ይማረዋል። ይህ ወረቀቴ ላይ ሁለተኛ አንቀጽ ሆኖ ተጽፏል። ልዘለው የምችለው ነገር እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ የሸመደደ ሰው ከመሀል መጀመር አይችልም። አንዱ ገመድ ከተበጠሰ ሁሉም ይወድቃል። እኔን ከሽምደዳ ያላቀቀኝ የመምህር ምክር አይደለም፤ ያ ሳቅ ነው።

ስለ ሁለተኛው ልጅ ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በየቡድኑ አንድ እንዲህ ያለ አለና ልናገር። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ስልክ አያነሳም ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ገጽ ላከልን፤ ከየትም እንዳለ የተገለበጠ። ሰነፍ ነው ብለን ፈረድንበት። የቡድን ስንፍና የቆየ ነገር ነው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ የለካውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል፤ ጎታቾቹ በበዙ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ከፊሉ አለመናበብ ነው፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው እያረፈ። ሌላው ክፍል ግን ስንፍና መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎችን በቡድን እያስጨበጨቡና እያስጮሁ የሞከሩ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ የማይታይ ሲሆን ሰው ይለግማል።

የእኛ ሁለተኛ ግን፣ በኋላ እንደነገረን፣ ምን እንደሚጠበቅበት አልገባውም ነበር። «ጄነር የአንተ ነው» ተባለ፤ በቃ። ስንት ደቂቃ? ከየት ይጀምር? የትኛው ጋ ያቁም? ማንም አልነገረውም፤ እሱም ለመጠየቅ አፈረ። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በሌላ ዓመት አንድም ቀን ሳይመጣ ስሙ ስላይድ ላይ እንዲጻፍለት የጠየቀ ልጅ ገጥሞኛል፤ እሱ ለጋሚ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እንዲህ ያለው ከገጠማችሁ ለመምህሩ የሚነገረው ሳምንት ሲቀር ነው። በዕለቱ ክፍል ፊት ቆሞ ከመካሰስ የከፋ ነገር የለም፤ ከሳሹም ተከሳሹም እኩል ያንሳሉ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር መምህራችን ያንኑ ቡድን ሳይበትኑ ሌላ ርዕስ ሰጡን። ቅጣት ነበር የመሰለን። ርዕሱ የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው የኮሌራ ምርመራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን፣ ሶሆ ሠፈር፣ ብሮድ ስትሪት። በዚህ ጊዜ ያደረግነውን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ከሁሉም ለእናንተ የሚጠቅመው ይኼ ይመስለኛል።

ወዲያው አልተከፋፈልንም። ለሦስት ቀን አምስታችንም ሁሉንም ነገር አነበብን። ከዚያ ተቀምጠን ታሪኩን በየተራ አንዳችን ለሌላችን ነገርን፣ ያለ ወረቀት። በአሥር ቀን ውስጥ ከአምስት መቶ ሰው በላይ በአንድ ጠባብ አካባቢ ሞተ። ሰው ሁሉ በሽታው የሚመጣው ከከረፋ አየር ነው ብሎ ያምናል። ስኖው ግን ውሃውን ጠረጠረ፤ የሟቾቹን ቤት ካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ሲሄድ ምልክቶቹ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። ስንነጋገር የሁላችንም ንግግር አንድ ቦታ ላይ ይሰናከል ነበር፦ «እሺ፣ ከፓምፑ አጠገብ እየኖሩ ያልሞቱትስ?» ይህ ጥያቄ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከሁለተኛው። ባለፈው ጊዜ የጠፋብን ልጅ።

ጥያቄው የፕረዘንቴሽናችን ወገብ ሆነ። ስኖውም ራሱን የጠየቀው እሱን ነው። በአካባቢው የነበረው የቢራ ፋብሪካ ከሰባ የሚበልጡ ሠራተኞች ነበሩት፤ በኮሌራ የሞተ አንድም የለም፤ የፓምፑን ውሃ አይጠጡማ። በአቅራቢያው የድሆች መጠለያ ነበር፤ ከ535 ሰዎች የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው፤ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ነበረው። በሌላ በኩል ደግሞ ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት ሞተች፤ የብሮድ ስትሪት ውሃ ስለሚጥማት በጋሪ ታስመጣ ነበር። ታሪኩን እንዲህ ስናየው ለአምስት የሚከፈል ርዕስ መሆኑ ቀረና አንዱ ሌላውን የሚጎትት ጥያቄ ሆነ። የተከፋፈልነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ የቆረጥነውም ጥያቄው በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው።

ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹን ጻፍን። ሌላውን ንግግር ሁሉም በራሱ ቃል ይናገር ተባባልን፤ ቃል በቃል የተጻፈው የእያንዳንዱ ሰው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የቀጣዩ ሰው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በአምስት ሰው መካከል ያሉት መገጣጠሚያዎች አራት ናቸው። አንዱ እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ሲጨርስ፦ «ሁሉም አየሩን ሲከስ አንድ ሐኪም ግን ወደ ውሃው ሄደ።» ሦስተኛው ሲጀምር፦ «ወደ ውሃው የሄደው በካርታ ነው።» ይኸው ነው፤ ትልቅ ጥበብ የለበትም። ግን «አመሰግናለሁ፤ ቀሪውን ጓደኛዬ ይቀጥላል» ከሚለው ጋር አወዳድሩት። እሱን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ንግግሩ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ቀጣዩ ሰው ጎንበስ ብሎ ማንሳት አለበት።

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ያስጠላኝ ነበር፤ አሁን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ዕጣ አውጥተን ክፍል ተቀያየርን። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ክፍል ሳያዘጋጅ ቆሞ አቀረበ። ለእኔ የአምስተኛዋ ደረሰኝ፤ ስኖው የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ማስደረጉንና እጀታው የተነቀለው መስከረም 8 ቀን መሆኑን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። «ከዚያ በሽታው ቆመ» ብዬ ጨረስኩ። አምስተኛዋ ብድግ አለች፤ «አይደለም! በሽታው እጀታው ከመነቀሉ በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ስኖው ራሱ ይህን ጽፏል።» አላወቅኩም ነበር። ያ ነገር ወረቀቷ ላይ በአንድ መስመር ተደብቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትልቁን ቦታ ሰጠችው። ስንቀያየር ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያስረዳቸው ያልቻላቸው ሁለት ስላይዶች ተገኙ። ባለቤቱን ስንጠይቀው እሱም አልቻለም። ሰረዝናቸው።

ስለ ሰዓት አጭር ነገር ልበል፦ ሦስት ደቂቃ ከምታስቡት ያነሰ ነው። በስልኬ ሰዓት ስለካው ሳልጣደፍ የምናገረው አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ተኩል ይዤ ነበር የምሄደው። ለካችሁ ቁረጡ። የፈጠነ ሰው ቢኖር ደግሞ ትርፉ ለማን እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኛ በትርፍ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው የተዋረድነው።

ተራ አወጣጥ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። በጣም የሚፈራውን መሀል ላይ ደብቁት ይባላል። መሀል ያለ ሰው ግን ሲጠብቅ ይቀቀላል፤ እኔ አይቼዋለሁ። አንደኛዋ በመጀመሪያው ቀን ስትናገር እንደ ውሃ የምትፈስ መስሎኝ ቀንቼባት ነበር። በኋላ ስንነጋገር «ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አላየህም? ሁሉም ሰው ያየው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ማንም አላየም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ስለዚህ ነው፤ ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለሰው የሚታየውን ያህል ከእውነታው አብዝተው ይገምታሉ፤ ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ተናጋሪዎች ደግሞ ካልተነገራቸው የተሻለ ይናገራሉ። እሷ ከዚያ በኋላም ቀዳሚነቱን ራሷ ጠየቀች፤ ቶሎ ይለፍልኝ ብላ። የፈሪ ቦታ መጀመሪያ ነው ባይ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር እንደታሰበው አልሄደም። ሦስተኛው የቢራ ፋብሪካውን ተናግሮ የድሆች መጠለያውን ዘለለው። እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ፤ ያው ቦታ፣ ያው አንድ እርምጃ። እጄ አሁንም አልቦታል። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ በቀር የምደጋግመው ነገር አለመኖሩ ነው፤ እሱንም እሱ ሲጨርስ የሚያቀብለኝ ስለሆነ አልሸሸኝም። ስለዚህ መዝለሉን ሰማሁት። የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩን ሲናገር ደግሞ ዓይኖቹ ሲያዩኝ እሱም እንዳወቀው ገባኝ።

ወጣሁና «ጓደኛዬ ስለ ፋብሪካው ነግሯችኋል፤ ከእሱ አጠገብ 535 ሰዎች የሚኖሩበት ሌላም ቤት ነበር» ብዬ ጀመርኩ። የዘለለውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ወደ መበለቷ ሄድኩ። ክፍሉ ምንም አልጠረጠረም። ሦስተኛው ከኋላዬ ትንፋሹን ሲለቅ ግን ሰምቼዋለሁ።

መምህራችን እንደ ልማዳቸው አንድ ጥያቄ አመጡ፤ ፓምፑ መጀመሪያ በምን ተበከለ የሚል። የጠየቁት እኔን ነው፤ ጉዳዩ ግን የአምስተኛዋ ክፍል ነበር። ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለው የሠፈሩ ቄስ ስኖውን ሐሰተኛ ለማድረግ ምርመራ ጀምሮ ራሱ በማስረጃው እንደተረታ፣ ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት የታመመች ሕፃን የሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የተደፋበትን ጉድጓድ ያገኘውም እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። አምስተኛዋ «ጉድጓዱና የውሃው ጉድጓድ በጣም ይቀራረቡ ነበር» ብላ ጨመረችበት። መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ።

ከ20 አሥራ ሰባት። ሦስቱ ማርክ የተቀነሰው በካርታው ነው። የስኖውን ካርታ ሙሉውን በአንድ ስላይድ ላይ ስላደረግነው ከመሀል ወንበር ወዲያ ላለ ሰው አይታይም ነበር፤ ፓምፑን ለብቻው አጉልተን ማሳየት ነበረብን። ልምምድ ስናደርግ ሁላችንም ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠን ነበርና ማንም አላስተዋለም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ሲወጣ አስቆመኝ፤ «ታሪኩ ደስ ይላል» አለኝ፤ «ግን እነዚያ የሟቾቹ ምልክቶች ጉንዳን ነበር የመሰሉኝ።»